ጉልቻው ሲለወጥ፦ የቤት ውስጥ እሳት ፊዚክስና የምድጃ ሠሪው ሙያ

ከጉና ተራራ ትከሻና ግርጌ የተዘረጉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋዎች በአገራችን ብርድ ከሚጸናባቸው አካባቢዎች የሚመደቡ ናቸው። የስማዳ ዳርቻ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ቆላን የሚነካ ቢሆንም፣ የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በወረታ ወልድያ መንገድ ላይ የምትገኘው የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ አገር እሳት ለእንጀራና ለወጥ ብቻ የሚነድድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ የሚሞቁት፣ አራስ የሚያሞቁበት፣ ልብስ የሚያደርቁበት፣ ብዙ ጊዜም አጠገቡ የሚተኙበት የቤቱ አባል ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በከተማም ሆነ በገጠር ቤት የሚሠራ ሰው ለግድግዳው ግንበኛ፣ ለጣሪያው አናጢ፣ መብራት ከደረሰም ለመስመሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል። ለእሳቱ ግን ማንንም አይጠራም። ሦስት ድንጋይ ይሰበሰባል፣ ወይም ከገበያ የከሰል ማንደጃ ይገዛል፣ ባለቤቲቱም በምትችለው ትደለድለዋለች። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ሙቀቱ የበዛው፣ ጋዙም የከፋው ይኸው እሳት ሆኖ ሳለ፣ ባለሙያ የማያስፈልገው ተደርጎ የተተወው እርሱ ብቻ ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው የአባቶች ብሂል ስለ ወጡ ጣዕም እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ጭሱ ግን ፊዚክስ ከብሂሉ ጋር አይስማማም።

ጭስ የሌለው ከሰልና የማይታየው ጋዝ

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ለመከታተል ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ አንዲት ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት ሆነው ይከራያሉ። በዚያችው ክፍል ያበስላሉ፣ ያጠናሉ፣ ይተኛሉ። ማታ ብርዱ ሲበረታ ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በርና መስኮቱን መዝጋት የተለመደ ነው። ብዙዎች አንድ ጥንቃቄ ያደርጋሉ፤ ከሰሉን በደጅ አቀጣጥለው ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ በኋላ ያስገቡታል። ጭስ ከሌለው ጉዳት የለውም ብለው ያምናሉና። እንግዲህ ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ከማንደጃው ሥር የሚገባው ኦክስጂን ከታችኛው ፍም ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ከሰል መካከል ማለፍ አለበት፤ በማለፉም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከካርቦን ጋር ተገናኝቶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ከላይ በቂ ሙቀትና በቂ አየር ካገኘ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ይቃጠላል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ግን ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል። ስለዚህ አመድ የለበሰው፣ የረጋውና «ደኅና» የሚመስለው ፍም ይህን ጋዝ ማመንጨቱን አላቆመም። ጋዙ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጂን ይልቅ ከእርሱ ጋር ለመጣበቅ ያለው ዝንባሌ ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አያድንም፤ በውሃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነውና።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ርዝመቷና ስፋቷ 3 ሜትር፣ ከፍታዋ 2.5 ሜትር የሆነች የኪራይ ክፍል 22.5 ሜትር ኪዩብ አየር ትይዛለች። ማንደጃው በሰዓት 200 ግራም ከሰል ይፈጃል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 160 ግራም ያህሉ ካርቦን ነው። ከካርቦኑ አንድ አሥረኛው ብቻ በካርቦን ሞኖክሳይድ መልክ ቢወጣ 37 ግራም ያህል ጋዝ በየሰዓቱ ወደ ክፍሉ ይገባል ማለት ነው። ክፍሏ ፈጽሞ ዝግ ብትሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ በእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ወደ 1,660 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ቆይታ ያስቀመጠው ጣራ 35 ሚሊ ግራም ነው። መስኮቱን ገርበብ አድርገን የክፍሉ አየር በሰዓት ሦስት ጊዜ እንዲለወጥ ብናደርግ እንኳ መጠኑ 550 ሚሊ ግራም አካባቢ ይረጋል፤ ይህም ከጣራው ወደ 16 እጥፍ ያህል ነው። ከጣራው በታች ለማድረግ አየሩ በየሰዓቱ 47 ጊዜ ገደማ መለወጥ ይኖርበታል። እንዲህ የሚተነፍስ ክፍል ደግሞ ከደጅ የተለየ ሙቀት አይኖረውም፤ እሳቱን ማስገባቱም ከንቱ ይሆናል።

ከፍታውም የራሱን ሸክም ይጨምራል። በ3,100 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጂንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከዚህ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲደረብ ደም የሚሸከመው ኦክስጂን ከሁለት ወገን ይቀነሳል። የራስ ምታት፣ የማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው፤ ከድካም ወይም ከጉንፋን ጋር ስለሚመሳሰሉ ሰው ብርድ መታኝ ብሎ ይበልጥ ተከናንቦ ይተኛል። በንጹሕ አየር ውስጥ እንኳ በደም ያለው ጋዝ በግማሽ የሚቀንሰው ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው በቅድሚያ በሩን ከፍቶ ሰዎቹን ወደ ደጅ ማውጣት፣ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባዋል።

የአባቶች ጎጆ በዚህ ረገድ ከዛሬው የቆርቆሮ ቤት የተሻለ ጠባይ ነበረው ለማለት ይቻላል። የሣር ክዳኑ ጭሱን በዝግታ ያስወጣል፤ ጭሱም በፋንታው ሣሩን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ያ ጭስ ለዓይንና ለሳንባ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ግድግዳው በደንብ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩም የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ የተወጠረበት ቤት ግን ጋዙን እንደ ጣሳ ይይዘዋል፤ ኮርኒሱም ራሱ በአንዲት ብልጭታ ሊያያዝ የሚችል ነው።

ስለሆነም ጭስ ማውጫ የሌለውን ማንደጃ ለመኝታ ክፍል «ደኅና» የሚያደርግ ባለሙያ የለም፤ እችላለሁ የሚል ቢኖርም መታመን የለበትም። ባለሙያ የሚጠራው እሳቱ ያመነጨውን ሁሉ ከቤት የሚያወጣ ምድጃ ለመትከል ነው።

ስምንት ፓስካል

ጭስ ማውጫ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጭስ ይወጣበት ዘንድ የተበሳ ቀዳዳ ነው። በፊዚክስ ዓይን ግን ሞተር ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው የጋለ አየር በውጭ ካለው ቀዝቃዛ አየር ይቀላል፤ የሁለቱ የክብደት ልዩነት ከታች ባለው የማገዶ በር በኩል አየር እየገፋ ያስገባል። የዚህ ግፊት መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በቱቦው ቁመት፣ በውስጥና በውጭ ባለው የሙቀት ልዩነት፣ በውጭው አየር እፍግታም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቱቦው 3 ሜትር ቁመት ይኑረው፤ በውስጡ ያለው ጋዝ በአማካይ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ የውጭው አየር ደግሞ 10 ዲግሪ ይሁን። በባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ምድጃ 12 ፓስካል ያህል የመሳብ ግፊት ይኖረዋል። ነፋስ መውጫ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 8 ፓስካል ይወርዳል። 8 ፓስካል ምን ያህል ነው? ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ የውሃ ንጣፍ በሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። ጭሱን ከቤት የሚያወጣው ኃይል ይህን ያህል ደካማ ነው፤ የምድጃ ሠሪው ጥበብ ሁሉ የሚያርፈውም ይህችን ትንሽ ግፊት ሳያባክን በመጠበቅ ላይ ነው። በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ በጥላሸት የጠበበ አንገት፣ ያለ ምክንያት የተጣመመ ክርን እያንዳንዳቸው ከዚህች ላይ ይሰርቃሉ። ለቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ ሦስት ሜትር ቱቦ ይበቃል ቢል፣ በዚህ ደጋ ያንኑ የመሳብ ግፊት ለማግኘት ወደ 4 ሜትር ተኩል ያህል ያስፈልጋል።

ነፋሱስ? በሰከንድ 5 ሜትር የሚጓዝ፣ ማለትም ቅጠል የሚያንቀሳቅስና አቧራ የሚያነሣ መጠነኛ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታ ወደ 11 ፓስካል የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። ይህ ከቱቦው 8 ፓስካል ይበልጣል! ስለዚህ አፉ ከጣሪያው ጫፍ በታች የቀረ ወይም መክደኛ የሌለው ጭስ ማውጫ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ወደ ኋላ ተመልሶ ቤቱን በጭስ ይሞላል። በጠዋት በጸጥታ ተሞክሮ «ግሩም ይስባል» የተባለ ምድጃ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊያሳፍር ይችላል። ስሟ ነፋስ መውጫ በሆነ ከተማ ይህን መርሳት አይገባም።

ሙቀትን እንደ ሳይንስ ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሆነው ካውንት ራምፎርድ ስሙ የሚነሣው ሙቀት ከመድፍ መሰርሰር ጋር እንደሚመነጭ በማሳየቱ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1796 ባሳተመው ጽሑፉ፣ የለንደን ቤቶችን እሳት ማንደጃዎች አንገት በማጥበብና ጎናቸውን በማዘንበል ጭሳቸውን እንዴት እንዳዳነ አስረድቷል። የሚያስደንቀው አንገቱን ማጥበቡ ነው። ሰዎች ጭስ ካስቸገረ ቀዳዳውን ማስፋት ይቀናቸዋል፤ የሰፋ አንገት ግን ቀዝቃዛ አየር አብሮ ስለሚስብ ቱቦውን አቀዝቅዞ ኃይሉን ይገድለዋል። ይህን ያህል ስውር ነገር ያለበት ሥራ እንዴት ለማንም የተተወ ሊሆን ቻለ?

የሠሪው መመለስ

እዚህ ላይ አንባቢ «ጥሩ ምድጃ ከተተከለ ነገሩ አበቃ» ሊል ይችላል። የተደረጉት ጥናቶች ግን ይህን አያረጋግጡም።

በጓቲማላ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ማገዶ ከሚያነዱ 534 ቤተሰቦች ለግማሾቹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተተከለላቸው። የጥናት ሠራተኞችም በየሳምንቱ እየተመላለሱ ይጎበኟቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት መሠረት የሕፃናቱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ተጋላጭነት በግማሽ ቀነሰ፤ በሐኪም የታወቀው የሳንባ ምች በጠቅላላው በእርግጠኝነት ቀነሰ ለማለት ባይቻልም፣ ብርቱ የሆነው ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ወርዷል። በሕንድ የኦሪሳ ክፍለ ሀገር ደግሞ በሺህ ለሚቆጠሩ ቤቶች ተመሳሳይ ጭስ ማውጫ ያላቸው የጭቃ ምድጃዎች በአካባቢው ግንበኞች ተሠሩ። ተመራማሪዎች እስከ አራት ዓመት ሲከታተሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚተነፈሰው ጭስ ቀንሶ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ምድጃው ተሰነጠቀ፣ ቱቦው ታፈነ፣ ጥገናውም በአግባቡ አልተደረገም፤ ቤተሰቡም ወደ ቀድሞው አነዳድ ተመለሰ። በአገራችን በሜጫ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናትም የተሻሻለው የእንጀራ ምድጃ በሕፃናት የሳንባ ኢንፌክሽን ላይ በእርግጠኝነት የሚታይ ቅናሽ አላሳየም።

ከእነዚህ ውጤቶች ተነሥቶ «ምድጃ ዋጋ የለውም» ማለት የችኮላ ፍርድ ይመስለኛል። የጓቲማላውና የኦሪሳው ምድጃዎች በአሠራር ይለያዩ ይሆናል፤ እኔን የሚያሳምነኝ ልዩነት ግን በአንደኛው አገር በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው መኖሩ፣ በሌላው አለመኖሩ ነው። ጀርመን አገር ይህን በሕግ አጽንታዋለች። አዲስ የተተከለ የማገዶ ምድጃ የወረዳው ጭስ ማውጫ መርማሪ አይቶ ሳይፈቅድ መለኮስ የለበትም፤ መርማሪውም በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ወደየቤቱ ገብቶ ይመለከታል፤ ጥላሸት ጠራጊው ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይመላለሳል።

እኛ ዘንድ ያለው ባለሙያ

በጋይንትም ሆነ በእስቴ ሙያው ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም፤ ተበታትኗል እንጂ። ምጣድና ጀበና የምትሠራው ሸክላ ሠሪ የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል ታውቃለች። ብረት ቀጥቃጩና የከተማው ብየዳ ቤት ቱቦና መክደኛ መሥራት ይችላሉ። ግንበኛው ቀጥ ያለ ግድግዳ ያነሣል። የእነዚህ እጆች በአንድ ምድጃ ላይ አልተገናኙም። ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን በንቀት ስናይ የኖርን ሕዝብ መሆናችንም ለዚህ አስተዋጽኦ ማድረጉ የሚያጠራጥር አይመስለኝም፤ እሳትን የሚያውቁትን ሰዎች ከእሳታችን አርቀናቸዋል።

ከዚህ የተለየ ጅምር «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች የተቀረጸ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከፑሚስ ወይም ከአሸዋ የሚሠሩ ስድስት ክፍሎች አሉት። አራቱ ምጣዱን ዙሪያውን ይከቡታል፤ ሁለቱ ከኋላ ጭሱን እየመሩ ድስት የሚጣድበትን ይሠራሉ። ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በብዙ ወረዳዎች ግለሰቦች ሠልጥነው በየከተማቸው ለገበያ አምርተውታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ የተሻሻለ ምድጃ ለ9 ሚሊዮን ቤተሰቦች ለማዳረስ አቅዶ ነበር። በእኔ እይታ የዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ጉድለት የሚለካው በምድጃ ቁጥር መሆኑ ነው። ምድጃውን የሚቆጥር አለ፤ ከሁለት ክረምት በኋላ የሚጠግነውን ሰው የሚቆጥር ግን የለም።

ደግሞም ሁለት ነገሮችን ማደባለቅ አይገባም። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ሁሉ ጭስ የሚያወጣ አይደለም። የመጀመሪያው «ምርጥ» ጭሱን በኋላው ቀዳዳ በኩል እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ይለቀዋል፤ ወደ ደጅ የሚያወጣ ቱቦ ያለው ዓይነት በኋላ የመጣ ነው። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም ከሰል ይቆጥባል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከክፍሉ አያስወጣም።

ስለሆነም ምድጃ ሊያስተክል የፈለገ ቤተሰብ፣ ወይም ተማሪዎቹን በክረምት ምድጃ ሠሪ ለማድረግ ያሰበ የቴክኒክና ሙያ መምህር፣ ሠሪውን ጥቂት ነገሮች ቢጠይቅ መልካም ነው። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት የተከለው ምድጃ የማን ቤት እንዳለ ነው፤ ሄዶ ማየት፣ ይልቁንም የቤቱን እመቤት ማነጋገር ያስፈልጋል። የሲሚንቶ ክፍሎቹ ስንት ቀን ውሃ እንደጠጡ ይጠየቅ፤ ሲሚንቶ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ በብርድ አገርም ይዘገያል፤ በሳምንቱ ለገበያ የቀረበ ክፍል በመጀመሪያው ብርቱ እሳት ይሰነጠቃል። ምጣዱ በክቡ ላይ ክፍተት ሳይተው መግጠሙ፣ መጋጠሚያዎቹ በጭቃ መመረጋቸው፣ ቱቦው ከታች ተከፍቶ ጥላሸቱ የሚጠረግበት በር ያለው መሆኑ በዓይን የሚታዩ ናቸው።

ቱቦው ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ግን የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ጥላሸት ከተያያዘ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በሣር ክዳን ቤት ቱቦውን በሣሩ መካከል ቀዳዳ ከፍቶ ማሳለፍ ቤቱን ለእሳት ማሰናዳት ነው፤ ከተቻለ በግድግዳው በኩል አውጥቶ ከክዳኑ አርቆ ማቆም ይመረጣል። በቆርቆሮ ቤትም ቢሆን የእንጨቱ ማገርና ወራጅ ከቱቦው ራቅ ማለት፣ የከረጢት ኮርኒሱም በዙሪያው መነሣት አለበት። ለዓመታት ሲሞቅ የኖረ ደረቅ እንጨት አዲስ እንጨት ከሚያያዝበት ባነሰ ሙቀት እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለው መልስ ማስረጃ አይሆንም።

ክፍያውንም ከሥራው ጋር ማሰር ይቻላል። የተወሰነው ለዕቃው፣ የተወሰነው ምድጃው ሲነድድ፣ የቀረው ደግሞ ሠሪው ከክረምቱ በኋላ ተመልሶ ስንጥቁን መርጎ ጥላሸቱን ሲጠርግ ይከፈል። በርክክቡ ቀን ምድጃው ከነደደና ቱቦው ከሞቀ በኋላ ትንሽ ዕጣን በፍም ላይ አድርጎ ወደ ማገዶው በር ማስጠጋት ነው፤ የዕጣኑ ጭስ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ መሳብ ይገባዋል። ሙከራው የቤቱ በር ተዘግቶ፣ ከዚያም ተከፍቶ፣ አንድ ጊዜ በጠዋት፣ አንድ ጊዜም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ይደገም። ከአራቱ በአንዱ እንኳ የዕጣኑ ጭስ ወደ ቤት ከተመለሰ፣ ሠሪው ቱቦውን ከፍ እስኪያደርግ ወይም መክደኛውን እስኪለውጥ ድረስ ርክክቡ አልተፈጸመም።